የሚያፈስ ማሰሮ

ደብዳቤው ከባንክ የመጣ ዕለት፣ ማክሰኞ ነው፣ ጥቅምት መባቻ፣
ቤቱ የእኛ ሆነ ሙሉ ለሙሉ፣ የእኔና የአስካለ ብቻ።
አስካለ ማርከር አነሳች፤ ጻፈች፣ ፖስታውን በጀርባው ገልብጣ፣
«ዕዳችን አለቀ» ብላ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች፣ እንዲታይ ለገባ ለወጣ።

ፍሪጁ ሙሉ ነው። ምድር ቤት ያለው ሁለተኛውም ሙሉ፤
ግማሽ በግ፣ ሁለት ጣሳ ቅቤ፣ እስከ ፋሲካ የሚያዘልቅ ሁሉ።
መኪናዬ እንኳ በዚህ ብርድ ኤሌክትሪክ ጠብቶ ነው የሚያድረው፤
ማነው በዚህ ቤት የራበው? ማነው የቸገረው?

ሃያ ሁለት ዓመት በፎርክሊፍት አነሳሁ፣ አወረድኩ፤
የዊኒፔግን ሕዝብ ሶፋና ቴሌቪዥን በየመደርደሪያው ሰደርኩ።
ለሆዴ ነበር። ሆዴም ሞላ።

ታዲያ ለምን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአልጋዬ ተነስቼ
ፍሪጁ ፊት እቆማለሁ፣ በሩን እንደ መስኮት ከፍቼ?
መብራቱ ይበራል፤ እዘጋለሁ፤ ይጠፋል፤ ደግሞ እከፍታለሁ።
ዶሮውን አይደለም የማየው። ምን እንደማይ እንጃ፣ አያለሁ።
«ምን አማረህ?» አለች አስካለ ከደረጃው ላይ፣ ዓይኗን እያሸች።
ባውቀው ነግሬያት ነበር። ትንሽ ጠብቃኝ፣ ሄዳ ተኛች።

ልጅ ሆኜ «ሆድ ካገር ይሰፋል» ሲባል ስለ መብል መስሎኝ ነበር፤
ይኸው በሃምሳ አራት ዓመቴ ገባኝ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይነገር።

የሰፈሩ መዋኛ ቤት ሰሌዳ ላይ፣ በረዶ ከጫማዬ ሳራግፍ፣
«ሸክላ ሥራ፣ ለጀማሪ፣ ሐሙስ ማታ» የሚል አየሁ፣ ቀጭን ጽሑፍ።
አስተማሪዋ ሃሊና ሰባ ዓመት ሞልቷታል፣ ቀልድ አታውቅም፤
«መሃሉን ፈልግ» ትለኛለች፣ «መሃሉን ካጣህ ዳር አይገኝም።»
ጭቃው ግን ይሸሻል፤ ፎርክሊፍት አይደለም፣ በቁልፍ አይታዘዝም።

ሦስት ሐሙስ ፈረሰብኝ። በአራተኛው አንድ ነገር ቆመ፤
አንገቱ አጭር፣ ጆሮው አንድ ብቻ፣ ከንፈሩ ወደ ግራ የተጣመመ።
ሆዱ ግን ሰፊ ነው። እጄን እስከ አንጓዬ ሰደድኩት፤
ባዶውን፣ እኔው የሠራሁትን ባዶ፣ ብዙ ጊዜ ቆሜ ዳሰስኩት።

«ስንት ያወጣል?» አለ ጌጡ።
«አይሸጥም።»
«ወጥ ይሠራበታል?»
«አይመስለኝም።»
«ታዲያ?»
«ታዲያማ፣ ምንም።»
ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛ አገር እኮ ይህን የሚሠሩ…» አለና
አልጨረሰውም።

እኔ በልጅነቴ ጨርሼዋለሁ።
ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ነበረች። ማሰሮዋን እንገዛለን፤ ቤቷ ውሃ አንጠጣም፤
ገንዘቡን እንኳ መሬት ላይ ነው የምናኖረው፣ በእጇ አንሰጣትም።
ሸክላ ሠሪዋ ትባላለች። ስሟን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።
መንኮራኩር አልነበራትም። ጭቃው ተቀምጦ፣ የምትዞረው እሷ ነበረች፣
ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ እየረገጠች፣ አንዴም መሃሉን ያልሳተች።

ማሰሮውን ቤት አመጣሁት። ፍሪጁ አናት ላይ ተቀመጠ።
አስካለ አበባ ልታቆምበት ውሃ ሞላችው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ተገለጠ።
ጠዋት ስንነሳ ወለሉ ርሷል።
ሌሊቱን ሙሉ በማይታይ ስንጥቅ ሲያነባ አድሯል፤
ውሃው በፍሪጁ በር ወርዶ ፖስታው ላይ ደርሷል፤
«አለቀ» የሚለው ታጥቧል፤
«ዕዳችን» ብቻ ቀርቷል።

«ሌላ ልጻፍ?» አለች። «ተዪው» አልኳት።
ለምን እንደሆነ ነገርኳት፤ የወንዙን ማዶ፣ መሬት ላይ ያለውን ገንዘብ ነገርኳት።

ዝም አለች። ማሰሮውን አንስታ አገላበጠች፤ አፏን ወደ አፉ አስጠጋች፤
«ሁ» አለችበት፣ እንደ ሕፃን። ድምጿ ወፍሮ ተመለሰ። ደግማ «ሁ» አለች።
ዛሬ ሐሙስ ነው። ሠላሳ፣ ከዜሮ በታች።
የመኪናውን ገመድ ልነቅል ስወጣ፣ አስካለ ጓንቷን ፈለገች።