ይጠብቃል ወይስ ይላላል

ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጣልያን በሠራው ቤት፣
መስኮቴ ተከፍቶ፣ ጃንተከል ፊት ለፊት፣
አምስተኛው ረቂቅ፤ አምስት ሰዓት ሌሊት።
«ጣቢያችን ከሰኞ ጀምሮ…» ብዬ እጀምርና
እሰርዘዋለሁ፤ ደግሜ እንደገና
«ጣቢያችን በደስታ…» ደስታው የማን ሆነና?

የሥራዬ መጠሪያ በሬ ላይ ሁለት መስመር ይፈጃል፤
ለእናቴ ግን «ደብዳቤ ትጽፋለች» ማለት ይበጃል።

ዱሮ ከዚህ ዋርካ ሥር አዋጅ ነጋሪው ቆሞ
ነጋሪት ሲጎስም፣ በላብ ተጠምቆ፣ ደክሞ፣
ያልወደደው አዋጅ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር ቀድሞ።
እኔ ግን ፊት የለኝም፤ ያለኝ ማኅተም ነው፣
ያልወደድኩትንም ውብ አድርጎ የሚያትመው።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ጋሽ አደራጀው ዜና ያነበቡበት ሃያ ስድስት ዓመት፣
ካሴቱ ሁሉ ከመጋዘን ወጥቶ፣ አቧራው ተራግፎለት፣
ለማሽን ቀለብ ሆነ፤ ሳሉም፣ ትንፋሹም፣ የአዘዞ ልጅነታቸውም አለበት።
ከሰኞ ጀምሮ በሳቸው ድምፅ፣ ያለሳቸው ጉሮሮ
ዜናው ይነበባል፤ ያለ ደሞዝ፣ ያለ ፈረቃ፣ ያለ እሮሮ።

ሊፈርሙ የመጡ ዕለት፣ ሁለት ጥርስ አስነቅለው፣
የጡረታ ሰነድ በፌስታል አንጠልጥለው፣
«ያ ዕቃችሁ፣» አሉኝ፣ «እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ ያስነጥሰው ይሆን?»
መልስ ሙያዬ ነበር፤ «ሻይ ይምጣልዎ?» አልኩ፣ ሸሽቼ ዓይናቸውን።

እንግዲህ መግለጫው። መሐሉ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፣
ሥራ አስኪያጁ ወድዷት፣ ቦርዱ ወድዷት፣ ሳትነካ ያለፈች፦
«ማሽኑ ያግዛል፤ ሰው አይተካም።»
አራት ቃል፤ የቀሃ ወንዝ ጠጠር፤ ብትረግጣት እግር አትነካም።

ይበልጣል፣ የድምፁ መሐንዲስ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣
ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ የጻፍኩትን ማንበብ ጀመረ። ለካ
ድምፅ፣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ከሳጥን ሲወጣ ያሳፍራል፤
የሚያፍረው ሰሚው ነው እንጂ፣ እሱማ ምን ገዶት፣ ይናገራል።

ከዚያች ቃል ሲደርስ፣ ከ«አይተካም»፣ አላላት።
ጋሽ አደራጀው ጣታቸውን አነሡ፦
«ልጄ፣ ይጠብቃል ወይስ ይላላል? የቱን አሰብሽላት?»

ጥያቄው የአንባቢ ነበር፤ ክስ አልነበረበትም።
በሃያ ስድስት ዓመት ሳይጠይቁ ያነበቧት አንዲት ቃል የለችም።

አያቴ የትርጓሜ መምህር ነበሩ፤ በዚሁ በጎንደር
አንዷን ቃል በሦስት «አንድም» ሲፈትሏት ያድሩ ነበር።
ያች ጥጥ፣ ሳልፈልጋት፣ እጄ ገባች።

አንድም፦ ላልቶ ሲነበብ፣ ማሽኑ የሰው ቦታ አይወስድም ማለት ነው።
አንድም፦ ጠብቆ ሲነበብ፣ ሰው ምትክ የለውም፣ ክቡር ነው።
አንድም፦
ይሄኛውን ቦርዱ ያውቃል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው፤
ጡረታ በወጣ ሰው ቦታ፣ ከእንግዲህ፣ ሌላ ሰው
አይተካም።

ፊደላችን ደግ ነው፤ አይመሰክርብኝም፤
ማጥበቂያ ምልክት የለው፤ ሦስቱን ባንድ ልብስ ሸፍኖ ዝም።
ችግሩ ሰኞ ነው፤ ሰኞ በእኔው አፍ ነው የሚሰማ፤
ምላስ ወይ ያጠብቃል፣ ወይ ያላላል፤ መሐል መንገድ የለውማ።

ሰኞ። አዳራሹ ግማሽ ሞልቷል። የውሃ ፕላስቲክ ሲንኮሻኮሽ፤
ባነሩ ላይ ስሜ ተሳስቶ፤ «አጀቡሽ» መሆኑ ቀርቶ «አጃቢሽ»።
አነበብኩ። «ያግዛል» አልኩ። ከዚያች ቃል ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩና
አጠበቅኳት፤ እንደ ጭነት ገመድ፣ በጉልበቴ ተደግፌ፣ ደህና።

ተጨበጨበ። የቦርዱ ሰብሳቢ ከስልኩ ቀና አላለም።
ጋሽ አደራጀው ከኋላ ረድፍ «ጎሽ» ሲሉ በከንፈራቸው አየሁ።
ጎሹ እውነት ለተናገረች አልነበረም፤
ቃል ሳትሰብር ላነበበች ተማሪ ነበር።

ማታ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ደብዳቤው አለ።
ይጠብቃል።