ጎድኔና መንጋጋዬ

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነን፣ ሄርማታ መንገድ ዳር፣
ዛሬም ተቀስቅሷል ያ የማያልቅ ነገር፦
«ከማል አባ ፊጣ ከጥላዬ ቦሳ
ቢገናኙ ኖሮ፣ ማን ወድቆ ማን ይነሣ?»

«ከማል ነው!» አለ አንዱ፣ ምላጭ እየሳለ፣
«በግራው ተመትቶ የቆመ ማን አለ?»
ሌላው ካረፋው ሥር «ተው እባክህ!» ይላል፣
«ጥላዬ ጎንበስ ብሎ ሺህ ቡጢ ያሳልፋል፤
በስድስተኛው ዙር ሽማግሌው ይዝላል።»
ሃያ ዓመት በመሃል እንደ ዋዛ ውጠው፤
አንዱ ጓንት ሲሰቅል፣ አንዱ ጡት ሲጥል ነው።

እኔን ማንም አይጠይቅ።
ሁለቱም መትተውኛል።

ከማል፣ በማምሻው፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣
በገመድ በታጠረ የኳስ ሜዳ ጭቃ ላይ
መንጋጋዬን አላቆ ሄደ።
ጥላዬ፣ ገና ጢም ሳያወጣ፣ እኔ ጓንቴን ልሰቅል ስል፣
ጎድኔን ሰብሮ
«ይቅርታ ጋሼ» አለኝ።

አልተገናኙም ይላሉ።
ከዚህ ሸሚዝ ሥር ግን ሌሊት ሌሊት ይደባደባሉ።
አዌቱ ሲሞላ መንጋጋዬ ይጠዘጥዛል፤
የጥቅምት ብርድ ሲገባ ጎድኔ ተራውን ይይዛል።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?» አለኝ ባለምላጩ፣ አገጬን ቀና አድርጎ።
በመስኮቱ አየሁ፤ በጅሬን በኩል ጠቁሯል።
«እስኪያባራ ድረስ» አልኩት፣
«ከማል ይመራል።»