ሁለት ጣት

አዲሶቹ ጎማዎች ከግቢው ተኝተው
ጭቃ ይጠብቃሉ ጥርሳቸውን ገልጠው።
ስገዛቸው ያየሁት መንገዱን ብቻ ነው፣
ግንድ ጫኝ መኪና እንደ እርሻ ያረሰው።
ከሺሮካ ላካ በላይ ሰባት ቤት ይጤሳል፣
ጡረታው በእጄ ነው፣ በወር አንዴ ይደርሳል፤
ፖስተኛ ነኝና፣ ቢዘንብም ቢበርድ
«ነገ ነው» አይባልም ለጡረተኛ ሆድ።

ጎማውን ገጠምን። መሪውን ወደ ግራ
ስጠመዝዝ፣ እርርር! ጮኸብኝ ላሜራ፤
ፓራፋንጎው ነክሶ አልለቅም አለ።
ሚንቾ ተንበርክኮ ጣቱን አስተካከለ፣
ከጎማው ከብረቱ መሐል ላስገባ ሲል
ጥፍሩም አላለፈ። «ሁለት ጣት ሳይጎድል
አይቀርም» አለና ጠመኔ አወጣ፤
ልክ በዚያች ቅጽበት አባቴ መጣ።

ስታመን፣ አባቴ፣ ኮቱን ደርቦ፣
እጁን አጣምሮ፣ ግንባሩን ሰብስቦ፦
«ለጫማ ሲባል እግር የቆረጠ ማነው?
ጫማ ይመለሳል፣ እግር ግን አንድ ነው።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ጭረት ያልነካትን፣
እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄ ያኖርኳትን
ኒቫዬን እንደ ድፎ ልትሸራርፏት ነው?
ዝላቲና ልጄ፣ ኧረ ምነው፣ ምነው?»

«አባዬ» አልኩት «ይሄ እግር አይደለም፣
የሱሪ ጠርዝ ነው፣ ቢያጥር አይደማም።»

ሚንቾ ጣልቃ አይገባም፤ የቤተሰብ ነገር
ከፍሪሲዮን ይብሳል፣ ሲፈቱት ነው ችግር።
ክሪክ አስገባና ጎማውን ነቀለ፣
መስታወቱን በብርድ ልብስ ከለለ።
«ልቁረጠው ወይ?» አለኝ። «ቆርጫለሁ» አልኩት፤
በአንድ ቃል አባቴን ሁለቴ ጎዳሁት።

ጮኸ ግራይንደሩ፣ ፍንጣሪ ፈሰሰ፣
ከግድግዳው ጥግ ከዘይት በርሜሉ ደረሰ፤
ግማሹን ሲቆርጥ ግን ድምፁ ተለወጠ፣
ብረት ዝም አለና ፍንጣሪው ተቋረጠ፤
ሮዝ ብናኝ ተነሣ፣ እንደ ዱቄት ቦነነ።
ሚንቾ አጠፋና፣ ዳስሶ ነው ያመነ፦
«ስታመን ወዳጄ፣ ላሜራ አይደለም ይሄ፣
ስቱኮ ነው፣ ስቱኮ! ሁለት ጣት፣ አምላኬ!»

የአባቴ ጆሮ ቀላ። ወለሉን ተመልክቶ፣
ብዙ ቆየና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«ከአማቼ ሠርግ ቤት በሌሊት ስመለስ
የፕሪም ዛፍ መጣብኝ፣ መንገድ ላይ ሊደንስ።
እናትሽ ሳትነቃ ወንድሟ አከማት፣
ቀለም ቀባናትና ከደጅ አቆምኳት።
ከዚያ ወዲያ ኔዳ ለመጣ ለሄደው
‹የስታመን መኪና ጭረት የላት!› ስትል፣
እስክትሞት ድረስ
መሬት መሬት ሳይ ኖርኩ። ምን ልበል?»

ሚንቾን መጀመሪያ ሳል የያዘው መስሎኝ፣
ሳቅ ነው ለካ። እኔንም ወዲያው ያዘኝ።
አባቴ አልሳቀም፤ ግን ጠመኔውን ቀማ፦
«እዚህ ድረስ ውሸት ነው፣ እውነቱ ከዚያ ማዶ ነው» አለና
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይለካ፣ ሳበው።
አሥር ጊዜ ለክተን ያሰመርነው መስመር
ከሱ ቀስት አጠገብ ጥፍር ያህል ነበር።

በሱ መስመር ቆረጥን። በካርታቬትራ ፈገን
ዝገት እንዳይበላው ጠርዙን ቀለም ቀባን።
የወደቀው ቁራጭ ቢጫ ማጭድ መሰለ፤
አባቴ አንሥቶ በብብቱ ያዘና
«ለቲማቲሙ መደብ ይሆነኛል» አለ።
የቀኙን ጎን ማታ፣ እሱ ቤቱ ከገባ፣
ሚንቾና እኔ ቆረጥነው፣ በእኛው መስመር፣ በቸኮለ።

ማክሰኞ ዘነበ። ብወጣ ፖስታዬን አዝዬ
ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል፣ ከጎን ወንበር አባዬ።
ሬዲዮኑን ዘጋ፣ ጆሮውን አቀና፤
ቦዩ ውስጥ ገባን፣ ኒቫ ተንገዳግዳ
ወጣች እንደገና።
ወደ ግራ ዞርኩኝ። ዝም። የዝናቡ ድምፅ ብቻ።
ወደ ቀኝ ዞርኩኝ። እርርር!
የቀኙ መስመር እኮ የእኔና የሚንቾ ነበር።

አባቴ አልሳቀም፣ ቃል አልተነፈሰም።
እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፣
ጠመኔዋን አወጣ፣ ፍሬን ይዤ ሳልቆም
በሩን ከፍቶ ወረደ።