የወለሉ ሙቀት

ኅዳር ሲገባ ነው፣ ሊንዝ ስትነጣ፣
በመስኮቱ ስንጥቅ ጠቅጥቄ ፎጣ፣
የጋዙን ሂሳብ በጣቴ አስቤ፣
ካልሲ በካልሲ ላይ፣ ሹራብ ደራርቤ፣
ራዲያተሩን ዘጋሁ።

ፓስታ የቀቀልኩበት ውሃ አይደፋም ቶሎ፤
ድስቱ ውስጥ ይቆያል፣ ክፍሉን ያሙቅ ተብሎ።
ጥር እኩሌታ ድረስ ቤቴ አልቀዘቀዘም፤
በባዶ እግሬ ብቆም ጣቴ አልደነዘዘም።
በሻይ ሰዓት፣ ድራጋን ፊት፣ ፎክሬ ነበረ፦
«መቶ አርባ ዩሮ ሙሉ ኪሴ ውስጥ አደረ!»

የካቲት በገባ በሦስተኛው ሌሊት
ወለሉ ሞተብኝ።
ምንጣፍ ብደራርብም፣ በተረከዜ ገብቶ
ብርዱ ወጣ እስከ ጉልበት።

ጠዋት ደረጃ ላይ ፖስተኛው ነገረኝ፦
«ሮዝቪታን ወሰዷት፤ ዳሌዋ ተሰብሮ።
ስትወድቅ አልሰማህም? ከታችህ እኮ ናት።»

አልሰማሁም።
የሰማንያ ሁለት ዓመት የጡረታ እመቤት፣
ብርድ የምትፈራ፣ ቀን አይል ሌሊት
ማሞቂያዋን እስከ አምስት ከፍታ የምትተኛ፤
ጣሪያዋ ወለሌ፣ እኔ ዳረጎተኛ።
የእሷ ቆጣሪ ቆጠረ፤
እኔ ቆጠብኩ አልኩ።

ዛሬ ትመለሳለች፣ በምርኩዝ፣ በመኪና።
ራዲያተሩን ከፈትኩት፣ ሦስት ላይ፣ እንደገና።
ሙቀት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወርድም፤
አውቃለሁ።
ግን ከእንግዲህ ከራሷ በላይ በረዶ አይነጠፍም።

መቶ አርባው ዩሮ ገና ኪሴ ነው።
ደረጃው ላይ የምርኩዟን ድምፅ ሰማሁ።