ጣርማበር፣ ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ መናኸሪያ ቆሜ፣
በየሁለት ሳምንት፣ ዕለቱ ቅዳሜ፤
ረዳቱ ሲጣራ፦ «ሲና! ሲና! ሲና!»
ስሜን ለምዶት አውቆ፦ «ግቢ እንጂ ሕሊና!»

ሁለት ቤት ላላት ልጅ ቦርሳዋ አይሞላም፤
ግማሽ ዕቃዋ እንጂ ሙሉው አብሯት የለም።
የምትሻው ካልሲ፣ የፊዚክስ ደብተሯ፣
እዚህ ስትፈልገው እዚያ ነው ያደረው፤ እዚያ ስትደርስ፣ እዚህ። ይኸው ነው ነገሯ።

ጉዶበረት ሳንደርስ ስልኬ ተቀሰቀሰ፤
የእማዬ መልእክት፦ «ሹራብ ተለበሰ?»
«የት ጋ ደረሳችሁ?» ይላል አባባ ደግሞ።
እርስ በርስ አያወሩም፣ ዓመት አልፎት ከርሞ፤
«ለአባትሽ ንገሪው»፣ «እናትሽን ጠይቂ»፤
እኔ ነኝ ምሰሶው፤
ምሰሶ ደከመው ወይ፣ ብሎ የለም ጠያቂ።

እማዬ ያገባችው ጋሽ ደምሰውን ነው።
ሰው «እንጀራ አባት» ይላል፤ እኔ ለክፍል ልጆች፦ «የኔስ ብርድ ልብስ አባት ነው!»
ፋብሪካ ነዋ ሥራው። በገባን ዕለት ማታ
ቀይ ብርድ ልብስ ሰጠኝ፣ ጠርዙ የተንሻፈፈ፣
ከገበያ የቀረ፣ የሠራተኛ ስጦታ።
«አልፈልግም» አላልኩም፤ አጥፌ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት፤
የኅዳርን ውርጭ በነጠላ አንሶላ ሦስት ሌሊት ቻልኩት።
በአራተኛው ሌሊት ብርዱ ሲረታኝ፣
ማንም ሳያይ አወረድኩ፤ ጎህ ሳይቀድ መለስኩ።
አይቷል። ምንም አላለኝ።
ስልኬ ላይ ስሙን ግን የጻፍኩት፦ «የእማዬ ባል»።

ደግሞ ናሆም መጣ። አንድ ማህፀን አድረን፣
በክትባት ካርዱ ላይ እሱ «ናሆም ደምሰው»፣ እኔ «ሕሊና ጥላዬ»፣
ባዕድ መስለን ቀረን።
ጆሮው ግን የኔ ነው፤ ወደ ውጭ የዞረ።

ከዚያ ጣርማበር። ጉሙ መስኮቱን ይልሳል።
ሬዲዮው ይንተባተባል።
ዋሻው ይውጠናል።

ኔትወርክ የለም።

የእሷም አይደለሁ፣ የእሱም አይደለሁ፤
ለአንዲት ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ አለሁ።
ማንም «ንገሪው» አይለኝ፣ ማንም «ንገሪያት»፤
ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ እስከ አርባ ሁለት፤
አርባ ሦስት ላይ ብርሃን። ሁለት መልእክት ይገባል።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ሦስት ነበር።
ሦስተኛው፣ ከእማዬ ባል፦
«የፊዚክስ ደብተርሽ ሶፋው ላይ ቀርቷል።
ከኋላችሁ ለሚመጣው ሾፌር ሰጥቻለሁ። ነጭ ሚኒባስ ነው።
ሲና ጉም ነው ሲሉ ሰምቼ፣
ያንንም አብሬ አስሬዋለሁ።»

«ያንን» ነው ያለው። ስሙን አልጠራውም።

ቆሎ ሻጮቹ ጎን፣ ከአባባ ጋር ቆመን፣
«ምን እየጠበቅን ነው?» «ደብተር» አልኩት፣ ድምፄን
ዝቅ አድርጌ። ስልኬን አውጥቼ፣ «የእማዬ ባል» የሚለውን አጠፋሁ፤
«አ» ብዬ ጀመርኩና፣ እሱንም ሰረዝኩ።
ባዶውን ቦታ እያየሁ ነጩ ሚኒባስ ደረሰ።

አባባ ፌስታሉን ፈታ። ቀዩን ጨርቅ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፣
ደብተሬን ሳይነካ፣ ብዙ ጊዜ፣ ዝም ብሎ።
«ጠርዙ ተንሻፏል» አለ።
ጉሙ መጥቶ ቆሎ ሻጮቹን ሸፈናቸው።
«ግን ይሞቃል።»