ሞራ ገላጭ

የአረፋ ማለዳ ነው፣ ሻርጃ፣ ሰባተኛ ፎቅ።
ማዳም ጉበቱን በሳህን አመጣችው፣
እንፋሎቱ ገና አልወጣለትም።
«ቶሎ» አለችኝ። ያዝኩት። ከበደኝ።
ጠርዙ ስለት፣ ፊቱ መስታወት፣
ነቁጥ የለው፣ ጠባሳ የለው።
በበግ ቀናሁ።

አባቴ ሐይቅ ከተማ ሥጋ ሻጭ ነበረ።
ቆዳ ሲገፍ ያፏጫል፣ ጉበቱ ጋ ሲደርስ ዝም።
ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፣
ከዚያ ወይ ወደ ሚዛን፣ ወይ ወደ ውሻ።
«በጉ እኮ የሰባ ነው» ሲሉት፣
«መስባቱንስ ሰብቷል፤ የቱ ጋ እንደሰባ ነው ነገሩ።»

ሞራ የሚገልጠው ግን አያ እንድሪስ ነበር፤
ያን የስብ መረብ በብርሃን ዘርግቶ
ክረምት ያነብበታል፣ ሠርግ፣ የመንገደኛ መመለስ፤
አንዳንዴ አጥፎ ያስቀምጠዋል፣
«ዛሬ ዓይኔ ደክሟል» ብሎ።
ያኔ ሴቶቹ ያለቅሳሉ።

የኔን ሞራ የገለጠው ዶክተር ቫርጊስ ነው፣
ሮላ፣ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ፣ መታወቂያ የማይጠየቅበት።
እንደ ቀዘቀዘ አብሽ ያለ ነገር ጎኔ ላይ አፍስሶ
ከቀኝ ጎድኔ ሥር ገፋ፣ ገፋ አደረገው፤
እስክሪኑ ላይ ጉም።
«ሸሕም» አለ በዓረብኛ፣ ጣቱን ጉሙ ላይ አሳርፎ።
ስብ።

እናቴ በስልክ፣ «ወፈርሽልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣
ፎቶሽን ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁት» ትላለች።
የልጆቹን ትራፊ ሩዝ፣ የድስቱን ግርጌ ቅቤ፣
እኩለ ሌሊት ቆሜ የዋጥኩትን
እሷ እንደ ሀብት ቆጠረችው።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»
«ፓናዶል» አልኩት። ለወገቤ፣ ለራሴ፣ ለጉልበቴ፣
ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ አንዳንዴ ሦስት።
«ሌላስ?»
«ቫይታሚን።»

ቫይታሚን የተጻፈበት ጠርሙስ አለኝ፣
ዘምዘም ከደሴ በሶ ውስጥ ቀብራ የምታመጣልኝ።
እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቄበታለሁ።
ማታ አራት ሰዓት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን፣
አንድ ፍሬ፣ በምራቄ።
ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ማታ ሳልዘል።
በቪዚት ገባሁ፣ ደሜን የጠየቀኝ የለም፤
ከጠየቁኝ አሻራ ነው፣ አውሮፕላን ነው፣
ከአውሮፕላኑ በፊት ደግሞ መስኮት የሌለው ክፍል ነው።
ሲስተር የሻረግ ስትሸኘኝ፣
«በደምሽ ውስጥ አይታይም፤ ተኝቷል፤
ኪኒንሽን አትርሺ፣ አትቀስቅሺው» ብላኝ ነበር።
እሱን ስጠብቅ ኖርኩ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ፤
ቤቱ በጓሮ ሲሞላ አላየሁም።

ያልጎዳኝን ደበቅሁት፣
የጎዳኝን ነገርኩት፣
እሱም ግማሽ ሰምቶ በግማሽ ፈረደ፤
«ፓናዶሉን ተይ። ቅቤውን ተይ። ተራመጂ።
ጉበት አያምም፤ ዝም ብሎ ይሠራል፣
ያመመ ቀን ግን…»
ወረቀቱን አጠፈው፣ እንደ አያ እንድሪስ።

ሆድ ይፍጀው ስል ኖርኩ፣
ሆድ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ፤
ለካ አንዱ ነው ሁሉን የሚፈጀው፣
ከጎድን ሥር፣ ያለ ዕረፍት ቀን፣
ከሀሞት ጋር በአንድ ክፍል እያደረ።

«የት ደረሰ?» ማዳም ከሳሎን።
ሽንኩርቱ ቀልቷል። ጉበቱን ከተፍኩት፣
ስስ፣ ስስ አድርጌ፣ እንዳይደርቅ።
ዛሬ ደግ ቀኗ ነው፤ የኔን በዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣
ቅቤው በጣቶቿ መሃል ይንጠባጠባል።
ለዘበኛው፣ ለሻኪል፣ አወረድኩለት፣
በደረጃ፤ በደረጃም ተመለስኩ፣
ጉልበቴ ፓናዶል እየተጣራ።

ዓርብ ቀጠሮ አለኝ።
እሄድ ይሆናል።
ማታ፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ጥጡን አወጣሁት፤
ጠርሙሱን አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብዬ፣ ነቀነቅሁት፤
እንደ በግ ቃጭል ነው ድምፁ።
ከግድግዳው ወዲያ የነቃ የለም።