የግራ መስታወት

ገላን ከአስፋልቱ ዳር፣ ከሰማያዊው በር ኋላ፣
ሠላሳ አንድ አውቶቡስ ቆሟል በአንድ ጥላ።
ጎማው የተነፋ፣ ብሎኑ የጠበቀ፣
ሪፖርቱ "አለቀ" ያለው፣ ግን ያላለቀ።

"የጎደለው ምንድን ነው?" ብሎ ለሚጠይቀኝ፣
የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ፤
መዝገቤ ይናገር፦ መስታወት ስልሳ ሁለት፣
ሁሉም የቀኝ ናቸው፣ አንድም ግራ የለበት።
የላኪው ስህተት ነው፣ ከባሕሩ ማዶ፣
አንዱ ሳጥን ሲያሽግ ቁጥር ተወላግዶ።

ይታረም ብንልም ማረሚያው በዶላር፣
ዶላሩ በወረፋ፣ ወረፋው ባንክ በር፤
ባንኩ "ነገ ኑ" ሲል፣ ነገ እሑድ ሆኖ፣
ሰኞ ስንመለስ ብራችን መንምኖ።
ሱማሌ ተራን አሰስነው፣ የሚገጥም ጠፋ፤
አንዱ ጠበበን፣ አንዱ ከጆሮው ሰፋ።
ይኸው ሰባት ወራችን፣ ሥራ ፈት ሠራተኛ፤
ግራው ሳይገባልን፣ ግራ ገባን እኛ።

በያጁ በዳኔ ጭምብሉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣
ማታ ማታ ለሠፈር ሰው የግቢ በር ይበይዳል፣
"እጄ እንዳይረሳ" ብሎ።
ቀለም ቀቢዋ ሽታዬ መወልወያዋን ይዛ፣
በየጠዋቱ ታብሳለች የመንገዱን አቧራ፣ የሲሚንቶውን ጤዛ።
"ሙሽሮቼ" ትላቸዋለች። አጃቢው መንገድ ላይ የቀረ።

ዘበኛው ጋሽ ደግፌ ደግሞ ቁጥር ዘጠኝን ከፍቶ፣
ከሹፌሩ ወንበር ሥር ገለባ አስገብቶ
ዶሮ አስታቀፈ። በሃያ አንደኛው ቀን
አሥራ አንድ ጫጩት ወጣ፣ እኛም እልል አልን።
የሩብ ዓመቱ ቅጽ ሲመጣ ከዋናው ቢሮ፣
"ምርት" በሚለው ዓምድ ሥር ልጽፍ ነበር፦ ዶሮ።

ሥራ አስኪያጇ የትምወርቅ ፋይሏን ታቅፋ ስትወጣ
ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤
ከባንክ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ባንክ፣ በስምንተኛው ምልልስ
ሽበት ግንባሯ ላይ መጣ።
መንገድ ትራንስፖርቱም "ኋላውን የማያይ አይወጣም" ይላል፤
ልክ ነው። ግን ፊታችንስ በምን ይታያል?

ከሁሉ የሚከብደኝ ገዢው ኢተፋ ነው።
ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፣
ቁጥር ሃያ አራት ላይ ወጥቶ መሪውን ይጨብጣል፤
ጨብጦ ዝም ይላል።
(ቅኔ አይደለም፣ ዕቃ ነው የማወራው፤
መሪው አለ፣ ሞተሩም አለ፣ መስታወት ነው የጠፋው።)
ለቅድሚያ ክፍያ ያስያዘው የመሬቱን ካሣ ነው፣
እርሻው ለፋብሪካ ሲከለል የተሰጠውን፤
እርሻውም ይኸው ነው፣ እኔ የቆምኩበት፣
መደርደሪያዬን ያቆምኩበት።
አንድ ቀን ከአውቶቡሱ ሲወርድ
ሲሚንቶውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣
"እዚህ ጋ ምስር እዘራ ነበር" አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ በዝግታ።
"ምስር እንኳ በአራት ወሩ ይደርሳል፣ ጌታ።"
ምን ብዬ ልመልስ?
ፈርሜ የተረከብኩት ዕቃ ውስጥ መልስ የለም።

አሥራ አንድ ተኩል ሲል በሩን ዘግተን እንወጣለን፤
ሠላሳ አንድ አውቶቡስ ከኋላችን ትተን
ለታክሲ እንሰለፋለን።
ትናንት ሲመሻሽ ደረሰች አንዲት አሮጌ ሚኒባስ፣
ጎኗ የተላጠ፣
የግራ መስታወቷ በሽቦ የታሰረ፣ መሐሉን የተሰነጠቀ።
ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ፤ በስንጥቁ ውስጥ
ሰማያዊው በር ሁለት ሆኖ፣ እየራቀ፣ እያነሰ ታየኝ።
"ወንድሜ" አልኩት፣ "ይሄን መስታወት በስንት ትሸጥልኛለህ?"
ዞር ብሎ አየኝ፤ ቀልድ መሰለው፤ ሣቀ።
"እሱን ከሸጥኩልህ" አለኝ፣
"አንተን በምን አደርስሃለሁ?"